የያሬድ ትል የት ደረሰ?

ለመሆኑ ያ ትል ምን ሆነ?

ሁላችንም የምናውቀውን ትል ማለቴ ነው። ብላቴናው ያሬድ በአክሱም ከአጎቱ ከመምህር ጌዴዎን ዘንድ ሲማር ትምህርቱ አልገባ አለው፤ ግርፋቱም ሲበዛበት ጥሎ ጠፋ ይላል ትውፊቱ። ማይ ኪራህ ከተባለ ቦታ ሲደርስ ደከመውና ከአንድ ዛፍ ሥር ዐረፍ አለ። እዚያ ሳለ አንድ ትል ፍሬ ሊበላ ግንዱን ሲወጣ አየ። ወጣ፣ ወደቀ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወደቀ። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ከፍሬው ደረሰ። ያሬድም ይህን አይቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታ ጠይቆ ትምህርቱን ቀጠለ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ዛሬም ድረስ ይመሰክሩለታል።

ይህን ታሪክ ያልሰማ ተማሪ የለም። ፈተና የወደቀ ሁሉ ይነገረዋል፤ ሥራ ፈልጎ ያጣ ወጣት ይመከርበታል። ትሉ ግን ከሰባተኛው ሙከራ በኋላ ከታሪኩ ይወጣል። ፍሬው ጣፈጠው? ወፍ ለቀመው? ወይስ ጊዜው ደርሶ ክንፍ አወጣ? ማንም አልጠየቀም። ትሉ ሥራውን ጨርሷል፤ ሰው አስተምሯል። ከዚህ ወዲያ ለምን ይፈለጋል?

ጥያቄዬ ይህ ነው፤ አንድን ፍጡር ለእኛ ምሳሌ ስለሆነን ብቻ ብናየው፣ አየነው ይባላልን? ነገሩ ለመሳቂያ የሚመች ይመስላል። ሰው በተቸገረበት ዘመን ስለ ትል መብት የሚከራከር ጸሐፊ ተነሣ ቢባል አይገርምም። ዳሩ ግን ጥያቄው ከትሉ ጀምሮ ወደ ሰው እንደሚደርስ አንባቢዬን ላሳይ እሞክራለሁ። የጥያቄውን መንገድ የጠቆሙኝ ሦስት ነገሮች ናቸው፤ የጃፓኖች አጭር ግጥም፣ የሰሜን ተራሮች ግርጌ፣ እና አንድ የቅኔ መምህር የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር።

* * *

የእኛ ሰው ትንንሽ ፍጡራንን አያይም የሚል ካለ ተሳስቷል። ከጥንት ጀምሮ አይተናል። ጠቢቡ ሰሎሞን ሰነፉን ሰው ከጉንዳን ትምህርት ቤት እንዳስገባው ከልጅነታችን ሰምተናል። ከግሪክኛ ወደ ግዕዝ ቀድመው ከተመለሱት መጻሕፍት አንዱ የሆነው ፊሳልጎስ ስለ አራዊትና ስለ አዕዋፍ፣ ስለ ጉንዳንም ጭምር ይናገራል፤ የእያንዳንዱን ፍጡር ጠባይ ያነሣና ወዲያው ወደ ምስጢሩ ይሻገራል። ተረትና ምሳሌያችንም እንዲሁ ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» እንላለን፤ ድሩን ያደራችው ሸረሪት ግን ስሟ እንኳ አልተጠራም። ሰው ሲበዛብን «እንደ አሸን ፈላ» እንላለን፤ ከዝናብ በኋላ ክንፍ አውጥቶ ከመሬት የሚፈልቀውን አሸን ቆሞ የተመለከተ ከተሜ ግን ስንት ነው?

የዚህ ሁሉ ቁንጮ ቅኔ ነው። ሰምና ወርቅ የሚለው ስም የተወሰደው ከአንጥረኛ ቤት መሆኑ የታወቀ ነው። አንጥረኛው መጀመሪያ የሚፈልገውን ቅርጽ በሰም ያበጃል፤ ሰሙን በጭቃ ይለብጠዋል፤ ጭቃው በእሳት ሲጋል ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በለቀቀው ባዶ ቦታ ወርቁ ይገባል። ጭቃው ተሰብሮ ሲወጣ ወርቅ ነው። ሰሙ የለም። በቅኔያችን ውስጥ ትሉ፣ ጉንዳኑ፣ ንቡና ሸረሪቷ አብዛኛውን ጊዜ የሚገቡት በሰሙ በኩል ነው። ወርቁ የጻድቁ፣ የንጉሡ፣ የሟቹ ወይም የወዳጁ ነው። ፍጡሩ ቅርጹን አውሶ ይቀልጣል።

ይህን ስል ቅኔን ለማቃለል አይደለም። አንድን ነገር አይቶ ሌላ ነገር ማሰብ መቻል ከሰው ልጅ ታላላቅ ስጦታዎች አንዱ ነው። ግን አንድ ዐይነት ማየት ብቻ የለመደ ዐይን ሌላውን እንዳይረሳ ያሰጋል።

* * *

ሌላውን ዐይነት ማየት በግልጽ የሚያሳየን ሃይኩ ነው። ሃይኩ በጃፓንኛ አቆጣጠር ዐሥራ ሰባት ድምፅ ብቻ ያለው ግጥም ነው፤ አምስት፣ ሰባት፣ አምስት ሆኖ ይከፈላል። እንደ ደንቡ ወቅትን የሚያመለክት አንድ ቃል አለበት። እንቁራሪት ከተባለ ጸደይ ነው፤ የሌሊት አብሪ ትል ከተባለ በጋ ነው። ስሙን የሰጠው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበረው ማሳኦካ ሺኪ ሲሆን፣ ጥበቡ ግን ከእሱ በፊት ማትሱዎ ባሾን (እ.ኤ.አ. 1644–1694) እና ኮባያሺ ኢሳን (እ.ኤ.አ. 1763–1828) የመሰሉ ሊቃውንት አፍርቷል። ኢሳ ወደ ሃያ ሺህ የሚጠጉ ግጥሞች ጽፏል ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ እጅግ ብዙዎቹ ስለ ዝንብ፣ ስለ ቁንጫ፣ ስለ ቀንድ አውጣ፣ ስለ ትንኝና ስለ እንቁራሪት ናቸው።

እኛን ሊያስገርመን የሚገባው አጭርነቱ አይደለም። በማጠርማ ጉባኤ ቃና በሁለት ቤት፣ ዘአምላኪየ በሦስት ቤት ያልቃል፤ አስተዋይ ባለቅኔ በሁለት ቤት ውስጥ ስንት ዓለም እንደሚያስገባ እናውቃለን። የሚያስገርመው ሃይኩ ወርቅ አለመፈለጉ ነው። ትሉ ትል ነው። ሲወጣ ወጣ፤ ሲወድቅ ወደቀ። ገጣሚው «ስለዚህ» አይልም።

ስለ ባሾ የሚተረክ አንድ ወግ አለ። አንድ ደቀ መዝሙሩ ቀይ ተርብ አይቶ፣ ክንፉ ቢነቀል በርበሬ ይመስላል የሚል ግጥም ይዞለት መጣ። ባሾ አልወደደለትም። ይህ ግጥም ተርቡን ገድሎታል፣ ይልቅ ለበርበሬው ክንፍ ስጠውና ይብረር አለው ይባላል። ወጉ እውነት ይሁን ተረት ለጉዳያችን ለውጥ አያመጣም። ሁለቱም ገጣሚዎች ያዩት አንድ ዐይነት መመሳሰል ነው። አንደኛው መመሳሰሉን ያገኘው ፍጡሩን ጎድቶ ነው፤ ሌላው ሕይወት ጨምሮ። ለእኔ የሃይኩ ሥነ ምግባር በዚህች በርበሬ ውስጥ ተጠቅልሏል።

ሃይኩን በአማርኛ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የቆጠራ ነገር ነው። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ ስለሚይዝ ከጃፓኖቹ ፊደል ጋር የሚቀራረብ ይመስላል። ሳድሱ ግን ያስቸግራል፤ አንዳንዴ ይሰማል፣ አንዳንዴ ከጎረቤቱ ጋር ይዋጣል። «ድንጋይ» በጽሕፈት አራት ፊደል ነው፤ በአፍ ግን ድን-ጋይ ብሎ ሁለት ቀለም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ እኔ የምቆጥረው በአፍ እንጂ በፊደል አይደለም። ቅኔ ቤት ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው ይህ አይከብደውም።

* * *

ይህን ልምምድ ያደረግሁት በደባርቅና በዳባት መካከል ነው። ደባርቅ ከጎንደር በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የማይበቃባት ከተማ ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር እሷ ናት። ከዚያ ሳንቃ በርንና ግጭን አልፎ ጨነቅ የሚደርስ መንገደኛ 3,600 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል። ስሙን ሲሰማ ጭንቅ የሚታወሰው ሰው ቢኖር፣ ገደሉን ካየ በኋላ ስሙ ያለ ምክንያት አልተሰጠም ይል ይሆናል። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። ከ1996 እስከ 2017 ደግሞ አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሮ ቆይቷል።

እዚያ የሚሄድ ሁሉ የሚሄደው ትልቁን ለማየት ነው። ዋልያ ታየ ወይ? ቀይ ቀበሮ ታየ ወይ? ጭላዳው ስንት ነበር? ዋልያ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በየትም በዱር የማይገኝ እንስሳ ስለሆነ ጉጉቱ ተገቢ ነው። ግን ቀይ ቀበሮው በአብዛኛው የሚኖረው በሣር ውስጥ በሚሯሯጡ አይጦች ነው፤ አይጡ ቢጠፋ ቀበሮውም የለም። አይጥ ለማየት ከባሕር ማዶ መጣሁ የሚል ጎብኚ ግን አላጋጠመኝም።

ቅዱስ ያሬድም በመጨረሻ ዘመኑ ከአክሱም ወጥቶ ወደዚህ ወደ ሰሜን መጣ፣ እያስተማረም ኖሮ በዚሁ ተሰወረ ይላል ትውፊቱ። ከተራሮቹ ጫፎች አንዱ ዛሬም በስሙ ይጠራል። እንግዲህ ከትል የተማረው ሰው ሕይወቱን የፈጸመው በዚህ አገር ከሆነ፣ ስለ ትል ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ ከየት ይገኛል?

አንድ ጠዋት ከደባርቅ ወጣ ብዬ የገብስ ማሳ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ያየሁትን እንዲህ ጻፍኩት፤

ድንጋይ ላይ ጤዛ፤
ጉንዳን ቆም ብላ ጠጣች
ፀሐይ ስትወጣ።

ይህን ግጥም በሌላ መንገድ መጨረስ ይቻል ነበር። ሦስተኛውን ስንኝ «አንተ ተኝተህ» ብንለው ቆጠራው አይጎድልም፤ አምስት ቀለም ነው። የሰሎሞን ምክር ወዲያው ይገባበታል፤ አንባቢም ራሱን ነቅንቆ «እውነት ነው» ይላል። በዚያች ቅጽበት ግን ጉንዳኗ ትጠፋለች። ውሃ የምትጠጣ ፍጡር መሆኗ ይቀርና እኔን የምትገሥጽ ሎሌዬ ትሆናለች። ጤዛውም ጤዛ መሆኑ ያበቃል። የመጀመሪያው አጨራረስ ደግሞ ምንም አይመክርም፤ ፀሐይ ወጥታለች፣ ጤዛው ሊደርቅ ነው፣ ጉንዳኗ ጠምቷታል። ሌላ የለም።

* * *

ዳባት አካባቢ ቅኔ የሚያስተምሩ አንድ መምህር አሉ። ይህችን የጉንዳን ነገር አነበብኩላቸውና «የኔታ፣ እንዴት አዩዋት?» አልኳቸው። ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉ።

«እስቲ ድገሚያት።»

ደገምኳት።

«ሰሙን ሰማሁ። ወርቁ የት አለ?»

«ወርቅ የለውም፣ የኔታ።»

«ምነው ልጄ! ወርቅ የሌለው ሰም ጧፍ ይሆናል እንጂ ቅኔ ይሆናል እንዴ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። መምህሩ የተናገሩት ለተግሣጽ ነው፤ በሙያቸውም ትክክል ናቸው። ሃይኩ ቅኔ አይደለም፤ ነው ብዬም አልከራከርም። ዳሩ ግን ቃላቸው አልለቀቀኝም። ጧፍ ምን ይሠራል? ያበራል። ያ ተማሪ በሌሊት የሚያጠናው በምን ነበር? በጧፍ። ወርቁ ራሱ ወርቅ መሆኑ የሚታየው ብርሃን ሲኖር አይደለምን? ሰም ለወርቅ ቦታ ለቅቆ ሲፈስስ አንድ ክብር አለው። እየነደደ አጠገቡ ያለውን ሲያሳይ ግን ሌላ ክብር አለው። በሁለቱም መንገድ ይቀልጣል፤ ልዩነቱ በሁለተኛው ራሱም መታየቱ ነው።

ደግሞስ ሰሙን የሠራው ማን ነው? ሠራተኛዋ ንብ ሰም የምታወጣው ከሆዷ ሥር ካሉ እጢዎች ነው፤ እየላመጠች ቀፎዋን ትገነባበታለች። እንግዲህ ሰምና ወርቅ ብለን የምንኮራበት ጥበብ ስሙን እንኳ ያገኘው ከአንዲት ትንሽ ፍጡር ሆድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ንብ ራሱን የቻለ ንዑስ ዝርያ ነው ብለው አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ የሚል ስም ሰጥተውታል፤ የሰሜን ንብ ማለት ነው። ስለ ዋልያ የሰማ ሁሉ ስለዚህች ንብ አልሰማም። ለእሷም ሦስት መስመር አለኝ፤

ጅብራ አበባ፤
ንብ ገብታ ድምፅዋ ጠፋ
ጉም ብቻ ቀረ።

* * *

እስከዚህ ድረስ ክርክሩ በጥበብ ሰዎች መካከል ነበር። የበረታው ተቃውሞ የሚመጣው ግን ከገበሬው ነው። አንድ የደባርቅ አካባቢ አዛውንት ስለምሠራው ነገር ስነግራቸው «ተምችን ያየ ሰው ስለ ተምች አይዘፍንም» አሉኝ።

እውነት አላቸው። ታሪካችን ይመሰክራል። በክፉ ቀን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ረኀብ፣ ከብቱን በሽታ ፈጀው፤ ዝናብ ጠፋ፤ የተረፈውን ሰብል አንበጣና ተምች ጨረሰው። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. በአገራችን በብዙ አካባቢ የወረደው የበረሃ አንበጣ ከሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ያልታየ ነበር፤ ገበሬው ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየደበደበ ማሳው ውስጥ ዋለ። ከደባርቅ ቁልቁል ደምቢያ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 ወባ ወደ ሰባት ሺህ የሚጠጋ ሰው ገደለ። በማግሥቱ ዓመት ጎንደር ላይ የጤና ባለሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጅ የተቋቋመው ያ እልቂት ባስተማረው ትምህርት ነው። ቅማል የሚያመጣውን ተስቦ ደግሞ ቅኔ ቤት ያደረ ሁሉ ያውቀዋል። ለእነዚህ ሁሉ ግጥም ይጻፍላቸው ማለት የጠገበ ሰው ጨዋታ አይሆንምን?

ሁለት መልስ አለኝ። የመጀመሪያው ኢሳ ራሱ ነው። ይህ ሰው የጠገበ አልነበረም። እናቱ የሞተችው ገና በሕፃንነቱ ነው፤ ከእንጀራ እናቱ ጋር አልተስማማምና ከቤት ወጣ። የተወለደባት ካሺዋባራ በረዶ የሚከብድባት የተራራ አገር ናት። በስተርጅና ያገኛቸው ልጆች ተራ በተራ ሞቱበት፤ ሳቶ የተባለችው ሴት ልጁ እ.ኤ.አ. በ1819 በፈንጣጣ ሞተች፤ ከዚያም ሚስቱ ሞተች። በ1827 ቤቱ ተቃጠለና በጎተራ ውስጥ እየኖረ በተከታዩ ዓመት ዐረፈ። ስለ ዝንብና ስለ ቁንጫ የጻፈው ዝንብና ቁንጫ በሞላበት ቤት ውስጥ ሆኖ ነው። ለትንንሾቹ መራራቱ የትርፍ ጊዜ ርኅራኄ አልነበረም፤ እሱም ከእነሱ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ነበር።

ሁለተኛው መልስ ይህ ነው፤ ማየት ማለት አለመግደል ማለት አይደለም። የእኛው ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ያየውን እናስታውስ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከሚያጥቡበት በታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። በዚያ ያለፈ ሰው ስንት ነበር? ሁሉም ሴቶቹንና ልብሱን አይቶ ሄደ። አክሊሉ ቀንድ አውጣውን አየ። ቢልሃርዝያን የሚያዛምት ቀንድ አውጣ በእንዶድ ሊገደል እንደሚችል የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። የወባ ተሕዋስያን በትንኝ ሆድ ውስጥ እንዳሉ እ.ኤ.አ. በ1897 ሕንድ ውስጥ ያረጋገጠው ሮናልድ ሮስም ትንኟን በመነጽር ከዐየ በኋላ በዚያው ሰሞን ግጥም ጽፏል። እንግዲህ ዐይቶ መግደልና ሳያዩ መጨፍለቅ አንድ አይደሉም። ተምች ማሳዬን ሲበላ እገድለዋለሁ። የምገድለው ግን ተምችን ነው፤ ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደሚያቆም ዐውቄ ነው። ጥላቻዬን አይደለም የምገድለው።

* * *

አሁን ወደ ሰው ደረስን።

የጋዜጠኝነት ትምህርት የተማረ ሁሉ የሩዋንዳን ሬዲዮ ያውቃል። የሺህ ኮረብቶች ሬዲዮ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1994 ሰዎችን «ኢንዬንዚ» እያለ ይጠራ ነበር፤ በረሮ ማለት ነው። በአሩሻ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2003 ከጣቢያው መሥራቾችና ከአንድ ጋዜጣ ባለቤት ላይ የፈረደው ቃል ሰው እንደሚገድል አምኖ ነው። እኛም አገር በቅርብ ዓመታት ሰው በአውሬ፣ በተባይና በአረም ስም ሲጠራ በጆሯችን ሰምተናል። ከየትኛው ወገን እንደተጀመረ መቁጠር እዚህ አያስፈልግም፤ ሁሉም ወገን ጋ ተሰምቷል።

ይህ ስድብ የሚሠራው ለምንድን ነው? ብዙዎቻችን የምንመልሰው «ሰውን ከሰውነት ስለሚያወርድ ነው» ብለን ነው። ልክ ነው፤ ግን ግማሽ ነው። ስድቡ ኃይሉን የሚያገኘው አስቀድሞ ከተስማማንበት ነገር ነው፤ በረሮ አይታይም፣ ይጨፈለቃል። ተሳዳቢው አዲስ ጭካኔ አላስተማረንም። ለትንሹ ፍጡር ያዘጋጀነውን ያለማየት ልማድ ወስዶ ወደ ጎረቤታችን አዞረው እንጂ። ልማዱ ዝግጁ ባይሆን ኖሮ ቃሉ የሚገባበት ቤት አያገኝም ነበር።

ምሳሌ ማድረግም የዚህ ታናሽ ወንድም ነው ብል የሚቆጣ ይኖራል። ግን እናስብበት። ሰውን ለምሳሌነት ብቻ ስናየው ምን እንላለን? «የድህነት ገጽታ» እንላለን፤ «የጦርነት ሰለባ» እንላለን፤ ቁጥር እንሰጠዋለን። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባት ወረዳ ጭና ላይ በርካታ ሲቪሎች ተገደሉ። ከየአካባቢው የተፈናቀለው ሕዝብ ደባርቅን ሞላት። እኛ ሩቅ የነበርነው ያንን ስናነብ ወዲያው ወደ ወርቁ ሄድን፤ ማን ጥፋተኛ ነው፣ ይህ ምን ያረጋግጣል፣ ለየትኛው ክርክር ማስረጃ ይሆናል። ይህ ሁሉ መጠየቅ ያለበት ነው፤ ፍርድ ያለ ማስረጃ አይቆምምና። ነገር ግን እንጀራ ስትጋግር ሸሽታ የወጣች አንዲት እናት፣ ምጣዷ ምን እንደሆነ የጠየቃት ስንት ነበር? እሷ ሰም ሆነች። የእኛ ክርክር ወርቅ ሆነ። እሷ ቀለጠች።

ከጦርነቱ በኋላ በዚያ አካባቢ ስዘዋወር ያየሁትን በሦስት መስመር አስቀምጫለሁ፤

የፈረሰ ቤት፤
ሸረሪት በር ሠርታለች
ሰው እስኪመጣ።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊይዘኝ ይችላል። «ወርቅ የለውም ብለሽ ነበር፤ ይሄ ግን ወርቅ አለው፤ ሸረሪቷ ተስፋ ናት» ሊለኝ ይችላል። ምናልባት። ሰው ነንና የትኛውንም ነገር ዐይተን ስለ ራሳችን ሳናስብ መቅረት አይሆንልንም፤ ጃፓኖቹም ቢሆኑ አልሆነላቸውም። ግን ግጥሙ ይህን እንዲል አላስገደድኩትም። ሸረሪቷ በር የሠራችው ለዝንብ ነው፤ ሰው ሲመጣ በመጥረጊያ ይጠርጋታል። እሱም እዚያው ውስጥ አለ። ወርቅ ቢገኝም ሰሙ እንዳልቀለጠ ሊቆይ ይችላል ማለት ነው። የኔታ ቢሰሙኝ ምን እንደሚሉ አላውቅም፤ ጧፍና ወርቅ በአንድ ቤት ማደራቸውን ግን የሚቃወሙ አይመስለኝም።

* * *

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ሃይኩ ጦርነት ያስቀራል ማለቴ አይደለም። የሃይኩ አገር የሆነችው ጃፓን በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን በጎረቤቶቿ ላይ ያደረሰችው ግፍ ይታወቃል። ጦርነቱን የሚያወድሱ ሃይኩዎችም ተጽፈዋል። ከዚያው ጎን ግን መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ1940 ጀምሮ አዲስ ዐይነት ሃይኩ የሚጽፉ ገጣሚዎችን እያሳደደ አስሯል። ዐሥራ ሰባት ድምፅ ብቻ ያለው ግጥም ያን ያህል ባለሥልጣን ካስፈራ፣ ውስጡ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ቅርጹ ግን ማንንም አያድንም። ጨካኝ ሰው ስለ ቢራቢሮ ሊጽፍ ይችላል።

የምለው ከዚህ ያነሰ ነው። ከማዘን በፊት፣ ከመፍረድም በፊት፣ ከማስተማርም በፊት አንድ ትንሽ ግዴታ አለብን፤ ፊታችን ያለውን ነገር እሱ እንደሆነው ማየት። ይህ ግዴታ በሰው ላይ ሲደርስ ከባድ ነው፤ ጥቅም ይጋርደናል፣ ወገን ይጋርደናል፣ ፍርሃት ይጋርደናል። ስለዚህ መለማመጃ ያስፈልገዋል። ጉንዳን ለልምምድ ትመቻለች። ወገን የላትም። አትመርጥም፣ አትመረጥም። እሷን ለሦስት መስመር ያህል ሳይጠቀምባት ማየት ያቃተው ሰው፣ ባላንጣውን እንዴት አድርጎ ያየዋል?

ለመለማመድ ደግሞ ሰሜን ድረስ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባም ቢሆን በረንዳ ላይ ሸረሪት አለች፤ ጣሳ ውስጥ በተተከለ ጤና አዳም ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አይጠፋም። ክረምት ሲገባ አምፖል የሚዞሩት ባለ ክንፎች አሉ፤ ጠዋት ወለሉ ላይ ክንፋቸውን ጥለው ይገኛሉ። መጥረጊያውን ከማንሣታችን በፊት አንድ ጊዜ ጎንበስ ብንል ምን ይጎድልብናል?

ያሬድ፣ እኔ እንደማስበው፣ ይህን ያውቅ ነበር። ትሉ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ ቁጭ ብሎ ቆጥሯል። ሰባተኛውንም ጠብቋል። ግርፋት የሸሸ፣ የራበውና የሚያለቅስ ልጅ ያን ያህል ጊዜ አንድን ትል መመልከቱ ቀላል ነገር አይደለም። ትምህርቱ የመጣው በኋላ ነው፤ ማየቱ ቀድሟል። እኛ ግን ትምህርቱን ወረስንና ማየቱን ተውነው። ትሉ የት እንደደረሰ ያልነገረን ትውፊቱ አይደለም ጥፋተኛው፤ እዚያ ዛፍ ሥር ቁጭ ብለን ልናይ የሚገባን እኛ ነን።